የአንባቢያን ጥያቄ፦ በረዶው ካለፈ በኋላ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ በረዶ የሚጠይቁ ናቸው። ዕድሜዬን በወሎ ገጠር፣ በለጋምቦና በደላንታ፣ በግብርና ባለሙያነት ነው የጨረስኩት። አሁን ጡረታ ወጥቼ ደሴ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ የገጠሩንም የከተማውንም በረዶ ቀምሻለሁ። አራቱን መርጬ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ወንድሜ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሚኒያፖሊስ ከተማ ነው የሚኖረው። ስኖው፣ ያ እንደ ጥጥ የሚወርደው፣ እስከ ጉልበቱ ጥሎ እንኳ ሥራ ይገባል። እኛ ጋ ባለፈው ግማሽ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ በረዶ ወርዶ ባጃጅ አልንቀሳቀስ አለ፣ ሱቄም ጎርፍ ገባበት። ሰው ሁሉ «ገንዘብ ስላላቸው ነው» ይላል። እውነት ገንዘብ ብቻ ነው?
*ባለ ሱቅ፣ ደሴ ሸዋ በር*

ገንዘቡማ አለበት። ጠራጊ መኪናው ብቻ ስንት ነው! ግን የወንድምዎ ስኖውና የእርስዎ በረዶ አመላቸው ለየቅል ነው። ስኖው መምጣቱ ቀደም ብሎ ይነገራል። ከወረደ በኋላም አይሄድም፤ ተኝቶ ይከርማል። ስለዚህ ከተማው ለመጥረግ ጊዜ አለው፣ ደንብም አውጥቷል። ስኖው ሲበዛ ከተማው የመጥረጊያ አዋጅ ያውጃል፤ አዋጁ በታወጀበት ምሽት ከ3 ሰዓት ጀምሮ ዋና ዋና መንገዶች ላይ መኪና ማቆም ክልክል ነው። በማግስቱ በቀሩት መንገዶች ተጋማሽ የቤት ቁጥር ባለበት በኩል አይቆምም። በሦስተኛው ቀን ደግሞ በጎዶሎው በኩል። ያላነሳ መኪናው ተጎትቶ ይሄዳል፣ ቅጣቱንም ይከፍላል። ገንዘብ ቢኖርም ባይኖርም መኪናውን የሚያነሳው ሰው ነው።

እነሱም ሁሌ አይሳካላቸውም። በ1991 እ.ኤ.አ. በጥቅምት መጨረሻ የጀመረው ውሽንፍር ሚኒያፖሊስ ላይ ከ70 ሴንቲ ሜትር በላይ ቆለለ። በ2010 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ደግሞ ሜትሮዶም የሚባለው ስታዲየም፣ በአየር የተነፋ የጨርቅ ጣራ የነበረው፣ ከስኖው ክብደት የተነሳ ተቀዶ ወደቀ። መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨውም ብርዱ ከዜሮ በታች ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ አቅም ያጣል።

የእኛ በረዶ ሳይናገር ይመጣል፣ በአንድ ከሰዓት ይቀልጣል። ጉዳቱ ያለው መቅለጡ ላይ ነው። ከቶሳ ተራራና ከአዝዋ ገደል የሚወርደው ውኃ ሁሉ መንገዱ ወደ ቦርከና ወንዝ ነው፣ ከተማችን ደግሞ መሀሉ ላይ ተቀምጣለች። ቦዩ ውስጥ የሃይላንድ ፕላስቲክና የጫት ገረባ ይጠብቀዋል። በረዶው እላዩ ላይ ይከመርበታል። አበቃ፤ ውኃው ወደ ሱቅዎ ይዞራል።

ስለዚህ በበልግም በክረምትም መግቢያ ከጎረቤት ባለ ሱቆች ጋር ሆናችሁ ደጃችሁ ያለውን ቦይ አስጠርጉ። የእርስዎ ብቻ ቢጠረግ ዋጋ የለውም፤ የታችኛው ከተደፈነ ወደ እርስዎ ይመለሳል። ቅሬያችሁ፣ ማለት የሰፈር ዕድራችሁ፣ በወር አንድ ጊዜ ለዚህ አካፋ ቢያወጣ ምን ይለዋል? በደጃፉ ከፍ ያለ የሲሚንቶ ደፍ ያሠሩ። ዕቃ መሬት ላይ አይደርድሩ። በረዶው እየወረደ አሸንዳ ለመጥረግ ጣራ ላይ የሚወጣ ጎረምሳ ካለ ደግሞ ያስወርዱልኝ፤ በረዶና መብረቅ አብረው ነው የሚመጡት።

አንድ ነገር ልጨምር። በሚኒሶታ ገጠር ነፋሱ ስኖውን ከእርሻ ጠርጎ አውራ ጎዳና ላይ እንዳይከምረው፣ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ለገበሬ እየከፈለ ጥቂት መደዳ በቆሎ ሳይታጨድ እንዲቆም ያደርጋል። ይህ ደስ ይለኛል። የደሴም ጎርፍ የሚጀምረው ዳገቱ ላይ ነው። እርከን ለሚጠግነው የላይኛው ገበሬ ከተማው ምን ይከፍለዋል? እስከማውቀው «እናመሰግናለን» እንኳ ያለው የለም።

ጋሼ፣ እኔ ላሊበላ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንድ ማለዳ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አናት ነጭ ሆኖ አየሁት። ስኖው ነው ወይስ በረዶ?

ልጄ፣ አብዛኛውን ጊዜ በረዶ ነው። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱን ሳይቀልጥ ያድራል። ሁለቱ አፈጣጠራቸው ይለያያል። በረዶ የሚሠራው በነጎድጓድ ደመና ውስጥ ነው፤ ወደ ላይ የሚገፋ ኃይለኛ ነፋስ የውኃ ጠብታውን ደጋግሞ እያነሳ፣ በብርዱ ንብርብር እያለበሰ ያደድረዋል። ስኖው ግን ተኑ በቀጥታ ስስ የበረዶ ቅንጣት ሆኖ ሲወርድ ነው፤ እስከ መሬት ድረስ አየሩ መቀዝቀዝ አለበት። ብዙ ጊዜ ስድስት ጎን አለው። ከዚያ የመጣ እረኛ ካገኘህ ድቡልቡል ነበር ወይ ብለህ ጠይቀው። ማታ ሰማዩ ጥርት ብሎ አድሮ ጠዋት ሣሩ ብቻ ከነጣ ደግሞ ውርጭ ነው።

ጋሼ፣ የለጋምቦ ልጅ ነኝ፣ ደሴ ነው የምሠራው። በነሐሴ የወረደ በረዶ የአባቴን ገብስ መትቶ አስተኛው። ግማሹ ዛላ ማውጣት ጀምሮ ነበር። አባቴ በጎቹን ሸጦ እህል ሊገዛ ተነስቷል። በዚያ ላይ ሰፈሩ «በበዓል ቀን የሠራ ስላለ ነው» ብሎ አንዲት ባሏ የሞተባትን ሴት ሊቀጣ ነው። ምን ብዬ ልምከራቸው?

ወንድሜ፣ አይዞህ። ከተማ ውስጥ በረዶ የሚያበላሸው አንድ ከሰዓት ነው። ገጠር ግን አንድ ዓመት ነው የሚወስደው። ስለዚህ አባትህ ዛሬ የሚወስኑት ነገር እስከ ቀጣዩ በልግ ድረስ ይከተላቸዋል። አይቸኩሉ።

መጀመሪያ ገብሱን ይዩት። ዛላው ያልወጣው ክፍል ተስፋ አለው። ላዩ ቢሰበርም ከሥሩ አዲስ ቀምበጥ ሊሰጥ ይችላል። ሳምንት፣ አሥር ቀን ይታገሡትና እፍኝ ያህል ነቅለው ሥሩን ይመልከቱ። ዛላው ወጥቶ አንገቱ የተቀጨው ግን አይመለስም። እሱን አጭደው ያድርቁት፣ ለከብት መኖ ይሁን። ሲበሰብስ ማየት ትልቅ ሐጢአት ነው።

እንደገና ይዘሩ ወይ ካልከኝ፣ እርሻው የት እንደሆነ ይወስነዋል። ጉጉፍቱን አይነት ውርጭ አገር ከሆነ አይደርስም። ጥቅምት ሲገባ ብርዱ ይቀጨዋል፤ በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም። ታች ወረድ ብሎ መረሬ (ጥቁር አፈር) መሬት ካላቸው ግን በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መግቢያ ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራል፤ አፈሩ በያዘው እርጥበት ይደርሳል።

ጓያን ካነሳሁ ማስጠንቀቂያዬን ስማ። ጓያ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ የሚተርፍ እህል ነው። ችግሩም እሱ ነው፤ ሌላ ሲጠፋ ሰው እሱን ብቻ ይበላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በደላንታ ዳውንት ብዙ ሰው፣ ይበልጡን ወጣት፣ እግሩ የሰለለው በዚህ ነው። ወራት ሙሉ ብቻውን መብላት አይገባም። ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር፣ እህሉ በዝቶ ጓያው አንሶ ይቀላቀል። ይዘፍዝፉት፣ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ይድፉት። እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን ልጆች እንዳያዘወትሩ።

አሁን ወደ በጎቹ። እዚህ ላይ ነው አባትህን መያዝ ያለብህ። በረዶ የመታው ሰፈር ሁሉ በአንድ ሳምንት ገበያ ይወርዳል። በግ ይረክሳል፣ እህል ይወደዳል። በሁለቱም ይከስራሉ። መሸጥ ግድ ከሆነ ሙክቱንና ያረጀችውን በግ ያስቀድሙ። ወላዶቹን በጎች ይያዙ። አንተ ደግሞ በኋላ ለበዓል ልትልክ ያሰብከው ብር ካለ አሁን ላከው። ዘንድሮ የአባትህ መድን አንተ ነህ። በጉ ከተሸጠ በኋላ የሚመጣ ብር ያንኑ በግ መልሶ አይገዛም።

ቀጥሎ ዘር። በልጉ የካቲት ላይ ከመጣ የሚዘሩት ገብስ ያስፈልጋቸዋል። የበልግ አገር ሆኖ ዘር የሌለው ቤት ሁለተኛ ዓመትም ይራባል። በረዶ ደግሞ በመስመር ነው የሚመታው፤ አንዱን ጎጥ አውድሞ ከወንዙ ማዶ ያለውን አይነካም። የድሮ ሰዎች ማሳቸውን እዚህም እዚያም መበታተናቸው አንድም ለዚህ ነበር። ስለዚህ ማዶ ያለ ዘመድ ፈልጉ። በብድርም በልዋጭም ዘሩን ዛሬ አስተማምኑ፣ አጨዳው ካለፈ በኋላ ሁሉም ስለሚፈልገው አይገኝም። ማሳው ሳይገለበጥም በስልክ ፎቶ ይነሳ፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይመዝገብ። እርዳታ ሲደለደል፣ ሴፍቲኔት ሲታይ፣ ያልተመዘገበ ጉዳት እንዳልደረሰ ነው የሚቆጠረው።

የሴትዮዋን ነገር መጨረሻ ያስቀመጥኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም። በዓል ማክበሩን አከብራለሁ፤ እኔም አከብራለሁ። ምህላው ይደረግ፣ ወዳጃው (የዱዓ ስብስቡ) ይጠራ፣ በወሎ ሁለቱም አብሮ ያምራል። ቅጣቱ ግን ልክ አይደለም። በረዶው የእሷንም ማሳ አልማረም፣ ማዶ በበዓል ያረሰውን አልነካም። ወንድ የሌለበት ቤት ሰው ሲያርስለት ተራ ይጠብቃል፣ ቀኑን የሚመርጠው እሱ አይደለም። አባትህ የሚሰሙ ሽማግሌ ከሆኑ ለቅሬው እንዲህ ይበሉ፦ በቅጣት ልትሰበስቡት ያሰባችሁትን እህል ሁላችሁም አዋጡና ለዘር አስቀምጡት። እምቢ ካሉም ቄሱንና ሼኹን አንድ ላይ ያስጠሩ። ሁለቱ አንድ ቃል ከተናገሩ የለጋምቦ ሰው ይሰማል።

ጋሼ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እነዳለሁ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ በረዶ ሲይዘኝ ልቁም ወይስ ቀስ ብዬ ልውረድ?

ይቁሙ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱ 600 ሜትር ገደማ ነው፣ ጠመዝማዛው ደግሞ ያውቁታል። አስፋልት ላይ የተበተነ በረዶ ከጎማ ሥር ይንከባለላል፣ ፍሬን አይሰማም። ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጉ። ድንጋይ የሚንከባለልበት የተቆረጠ ገደል ሥር ግን አይሁን። መብራት ያብሩ፣ ተሳፋሪ አያውርዱ። ሲያባራ ማርሽ ቀንሰው በሞተሩ ይያዙት እንጂ ፍሬን አይርገጡ። ታች ሲደርሱ ብዙ ጊዜ ተራ ዝናብ ሆኖ ያገኙታል፤ ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ በረዶው መንገድ ላይ ይቀልጣል። ተሳፋሪው «ንዳው፣ መሸብን» ቢል ረዳቱ ይመልስለት።