«ቅንጡ» ሙገሳ ሆነ እንዴ?

አንድ አንባቢ ከአዘዞ ጽፈዋል። ወንድማቸው በጥር ሊያገባ ነው። አዳራሽ ፍለጋ ጎንደር ከተማን ሲያስሱ «ቅንጡ የሠርግ አዳራሽ» የሚል ማስታወቂያ ያያሉ። ቤት ገብተው ሲያወሩ ሴት አያታቸው ሳቁ፤ «ራሱን ቅንጡ ብሎ የሚሰድብ ደግሞ አለ?» አሉ። ጥያቄያቸው እንግዲህ ይህ ነው፦ አያቴ ናቸው ልክ ወይስ ማስታወቂያው? ቅንጡ፣ ቅምጥልና አባካኝስ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ልቤ ከአያትዎ ጋር ነው። ምክንያቴን ልንገርዎ።

ቅንጡ «ተቀናጣ» ከሚለው ግሥ ጋር የሚሄድ ቅጽል ነው። ግሡ ደግሞ ስለ ገንዘብ ብቻ አይናገርም። ሽሮ ቀርቦለት ፊቱን ያዞረውን ልጅ እናቱ «ምን ያቀናጣሃል? ብላ!» ትለዋለች። እዚህ ላይ አንድም ሳንቲም አልወጣም። ነውሩ ያለው የቀረበለትን መናቁ ላይ ነው። ስለዚህ ቅንጦት ዱሮ ከወጪ ይልቅ ለጥጋብ የቀረበ ቃል ነበር። «ጥጋብ ነው!» ስንልም እኮ ስለ ሆድ አይደለም የምናወራው።

አንድ ወገን አለ፣ «ቃል ይለወጣል፤ ቅንጡ ዛሬ ውድ፣ ምቹ፣ ያማረ ማለት ነው» የሚል። ይለወጣል፣ ማን ካደ? ግን ያማረ አለ፣ ምቹ አለ፣ የተንቆጠቆጠ አለ። ይህ ሁሉ ቃል ተደርድሮ ሳለ ከስድቡ መዝገብ መበደር ምን አመጣው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህን ነው።

ይሁን እንጂ ጆሮዬን ደፍኜ አልኖርም። ቅንጡ መኪና፣ ቅንጡ አፓርታማ፣ ቅንጡ አውቶቡስ ሲባል የሚቆጣ የለም። ዜና አንባቢውም «ቅንጡ ሆቴል ተመረቀ» ይላል። ሕዝቡ ይዞታል፤ ስለዚህ ደስ ባይለኝም ስህተት ነው ማለት አልችልም። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ቃሉ የተሞገሰው ለዕቃና ለቤት ብቻ ነው። ሙሽራውን «ቅንጡ ልጅ ነው» ብለው ለሙሽሪት ቤተሰብ ቢያስተዋውቁት ምን እንደሚከተል ያዩታል። አዳራሹ ቅንጡ ይባል፤ ወንድምዎን ግን አደራ።

ወደ ቅምጥል እንሂድ። ብዙ ሰው ቃሉን «ተቀመጠ» ከሚለው ያወጣዋል፤ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ የሚበላ ለማለት። ነገሩ ያምራል፣ ሰዋስው ግን አይደግፈውም። ግሡ ተቀማጠለ ነው። ይቀማጠላል፣ ተቀማጥሎ፣ መቀማጠል ስንል ለ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ባለቤቱን ስንጠራም ተቀማጣይ እንላለን። ገደለ ገዳይ፣ ከፈለ ከፋይ እንደሚባለው ሁሉ ለ ወደ የ ዞሯል ማለት ነው። እንዲህ የሚሆነው ለ የግሡ ሥር ፊደል ሲሆን ነው። ከ«ተቀመጠለት» የተረፈ ቅጥያ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ እርባታ ባልተሸከመ። ትርጉሙ ያው እንደሚያውቁት ነው፤ በድሎት ያደገ፣ ችግር ያልነካው። ቅምጥል ገንዘብ ላያጠፋ ይችላል። የሚያጠፉለት ሌሎች ናቸው።

ወደ አባካኝ ከመሄዳችን በፊት ግን ስለ ገንዘብ መበተን የምንልበትን የምወደውን ቃል ላንሣ፤ ዘራ።

ጎንደር አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ሁለት ዓይነት ሰጪ ያያል። አንዱ ግጥሙ ሲነካው ብድግ ይልና ብሩን ግንባር ላይ ይለጥፋል፤ ሸለመ ይባላል። ሌላው ደግሞ ሞቅ ሲለው ከኪሱ ረብጣ መዥረጥ አድርጎ አየር ላይ ይለቀዋል። ማሲንቆው ሳይቋረጥ አንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ ከእግር ሥር ይለቅማል። ይሄኛው ዘራ ነው የሚባለው፤ «ብሩን እንደ ቆሎ ዘራው»። ባለ 200 ብሩ ኖት በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ መዝራትም ተወደደ።

ታዲያ ይህ ዘራ የቱ ነው? ግዕዝ ሁለት ግሥ አለው። ዘርአ ዘር መዝራት ነው። ዘረወ ግን መበተን ነው፤ «ይትነሣእ እግዚአብሔር ወይዘረው ፀሩ» የሚለውን ያስታውሱ፣ ጠላቶቹ ይበተኑ ማለት ነው። ገንዘብ የሚዘራ ሰው ደግሞ አጭዳለሁ ብሎ አይደለም። ስለዚህ የገንዘቡ ዘራ የዘረወ ልጅ ነው ባይ ነኝ።

የሚቃወሙኝ አሉ። ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። «የግዕዙ ወ ሲወድቅ ዱካ ይተዋል፤ ቀለወ ቈላ ሆኗል። ዘረወስ ዱካው የታለ? ዘርአ ግን እንደ ሰምዐ ሰማ፣ እንደ በልዐ በላ ቀጥ ብሎ ዘራ ይሆናል» ይላሉ። በድምፅ ሕግ ከሄድን ያሸንፉኛል። እኔ ግን አሁንም ዘረወ ይጥመኛል፤ ገበሬን ከአባካኝ ጋር በአንድ ግሥ ማሠር አይሆንልኝም።

ከጠየቁኝ ቃላት ሦስተኛው አባካኝ ነው። ሥሩ ባከነ ነው፤ ያለ ፋይዳ ቀረ። ግዕዙ «በክ» ከንቱ ማለት ነውና ዘመዱ ይመስለኛል። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የጠፋው ልጅ «እያባከነ ገንዘቡን በተነ» ይላል። ሁለቱ ግሦች አንድ ላይ የመጡት ለጌጥ አይደለም። በተነ እጁ የሠራውን ይናገራል፣ አባከነ ደግሞ ፍርዱን ይሰጣል።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ማውጣት ብቻውን አባካኝ አያሰኝም። ከ1721 እስከ 1730 እ.ኤ.አ. የነገሡት የዐፄ በካፋ ሰፊ የግብር አዳራሽ ፋሲል ግቢ ውስጥ ዛሬም ቆሞ ይታያል። እዚያ ይበላ ስለነበረው «ግብር አበሉ» እንጂ «አባከኑ» አይባልም። ዛሬም ድል አድርጎ የደገሰ ሰው አብልቶ አጠጥቶ ሲሸኝ ለጋስ ነው፣ እጀ ሰፊ ነው። ያው ሰው ያን ያህል ብር ለአንድ ሌሊት መብራትና ጭስ ቢያወጣው አያትዎ ሌላ ስም አያጡለትም።

አንዳንዶች «ገንዘብ አጠፋሁ አትበሉ፣ ወጪ አደረግሁ በሉ» እያሉ ሲያርሙ እሰማለሁ። ተዉት። «ስንት አጠፋህ?» ስድብ የለበትም፤ የሂሳብ ጥያቄ ነው።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፦ የቢሮ «ባከነ»። በሪፖርት «በጀቱ ባክኗል»፣ «ከፍተኛ ብክነት ታይቷል» ይባላል። ባከነ ተሳቢ አይሻም፤ በራሱ የሆነ ያስመስለዋል። አ ሲጨመርበት ግን ባለቤት ይጠይቃል፤ ማን አባከነው? ያቺ አንዲት ፊደል የቀረችው ለአጭርነት አይመስለኝም። ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ ሲፈስ ውሃው ባከነ ቢባል ይሁን። በፊርማና በማኅተም የወጣ ብር ግን አባካኝ አለው፣ እሱም እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይጻፍ።