ኦተር ጀልባህ ውስጥ ገብታ ከሆነ ቀዳዳውን ከመድፈንህ በፊት ይቺን አንብብልኝ

ሰላም ወንድሜ፣ ትናንት ማታ የለጠፍከውን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ኦተሮች (ዓሣ እየበሉ ውሃ ውስጥና ውሃ ዳር የሚኖሩት ጸጉራም እንስሳት) ዶኩን፣ ማለትም ጀልባ የሚታሰርበትን የጣውላ መድረክ፣ ሽንት ቤት አደረጉት፣ የጀልባዬን ሸራ ከኋላ በኩል ገልጠው መግባት ጀምረዋል፣ ናፍታሊን ልበትንበት ወይስ ወጥመድ ልግዛ ወይስ ቅዳሜ ሄጄ የሚገቡበትን ቀዳዳ በጣውላ ልምታው ነው ያልከው። ያ የቅዳሜ ሀሳብህ እኔን የጎዳኝ ነገር ራሱ ስለሆነ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልህ። ሌላውን ባታነበው እንኳ ይቺን ያዝልኝ፣ ውስጥ ግልገል አለመኖሩን ሳታረጋግጥ አንድም ቀዳዳ እንዳትደፍን። አሁን ደግሞ ኤፕሪል ነው፣ የሚወልዱበት ሰሞን ማለት ነው።

ከስር "እንዴት ያምራሉ" እያሉ ልብ ያስቀመጡልህን ተዋቸው፣ የኦተር አይነምድር ከምንጣፍ ላይ ፍቀው ስለማያውቁ ነው። ያምራሉ፣ እሱን አልክድም። ግን በአንድ ሌሊት የሚያደርሱትን ጉዳት አንተና እኔ ነን የምናውቀው።

1. መጀመሪያ የትኛዋ ኦተር እንደሆነች እወቅ። በአማርኛ አቆስጣ የምንላት እንስሳ ዘመድ ናት፣ ግን እዚህ አሜሪካ ሁለት አይነት አሉ፣ ሰው ሁሉ ደግሞ ይቀላቅላቸዋል። በጀርባዋ ተንሳፋ ደረቷ ላይ ዛጎል እየሰበረች የምትበላው ሲ ኦተር፣ የባህሯ ኦተር ናት፣ እሷ በ1972 በወጣው የባህር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ህግ በፌደራል ደረጃ የተጠበቀች ናት፣ እጅህን እንዳታነሳባት። ያንተዋ ግን ዶክ ላይ እየሮጠች ከሆነ፣ ስትዋኝ በሆዷ ከሆነና ጭራዋ ከስሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየሾለ የሚሄድ ከሆነ ሪቨር ኦተር ናት። ስሟ የወንዝ ስለሆነ ጨው ውሃ ላይ አትኖርም የሚልህን አትስማ፣ አላስካ ባህር ዳር ሙሉ አሉ። ለምን ይሄን አስረዘምክ ትለኝ ይሆናል፣ እኔ ስልክ ላይ "ኦተር" ብቻ ስላልኩ ሁለት ቀን ሙሉ ከአንዱ መስሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲወረውሩኝ ከረሙ። ሪቨር ኦተር በስቴትህ የዱር እንስሳት መስሪያ ቤት ስር ናት፣ በቀጥታ እዛ ደውልና "ሪቨር ኦተር" ብለህ ጀምር።

2. ማጽዳቱ ላይ አትቀልድ። ኦተር አንዴ የተጸዳዳችበት ቦታ ላይ ተመልሳ ትመጣለች፣ ሌሎቹም ሽታውን ተከትለው ይመጣሉ፣ ለነሱ መልዕክት መለዋወጫ ቦታ ነው። አይተኸው ይሆናል፣ ጥቁር ሆኖ የዓሣ ቅርፊትና የክሬይፊሽ (ሸርጣን መሰል ትንሽ የውሃ እንስሳ) ልጣጭ የሞላበት ነገር ነው፣ አጠገቡ ደግሞ አንዳንዴ እንደ ጄሊ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ ዝልግልግ ነገር ታገኛለህ፣ እሱም የነሱ ነው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ዶክ ላይ ቆሜ በውሃ ቱቦ ረጭቼ እሄድ ነበር፣ ያ ማለት ሽታውን በየጣውላው ስንጥቅ ውስጥ አስገባሁት ማለት ነው። ጓንትና ማስክ አድርገህ አቧራ እንዳይነሳ መጀመሪያ አርጥበው፣ ከዛ ሰብስበህ ከረጢት ውስጥ ክተተው፣ ከዛ በኋላ ነው ኢንዛይም ባለው የእንስሳ ሽታ ማጥፊያ በብሩሽ የምትፈትገው። በረኪና ከአሞኒያ ጋር በምንም አይነት እንዳትቀላቅል፣ ሽንታቸው ራሱ አሞኒያ ስላለው ጠባብ ካቢን ውስጥ በረኪና ደፍተህበት የሚወጣው ጋዝ ሳንባህን ያቃጥለዋል። እኔ አንዴ እንዲህ አድርጌ እያሳለኝ ዶክ ላይ ተቀምጬ አምሽቻለሁ።

ናፍታሊኑን እርሳው። እቤት ቁም ሳጥን ውስጥ የለመድነው ስለሆነ ቀላል ይመስላል፣ እዚህ ግን እንደ ፀረ ተባይ ነው የተመዘገበው፣ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው አጠቃቀም ውጪ መጠቀም በፌደራል ህግ ክልክል ነው፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ዓሣውን ይጎዳል። ጎረቤቴ አንድ ካርቶን በትኖ ነበር፣ ኦተሮቹ እዛው ናፍታሊኑ መሀል ተኝተው ነው ያገኘናቸው።

3. ወጥመድ ያልከውን በተመለከተ፣ ብዙ ስቴቶች ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዘህ ሌላ ቦታ ወስደህ መልቀቅ ይከለክላሉ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው የሚሰራው። ብትይዛትም ቦታው ጥሩ እስከሆነ ድረስ ሌላ ትመጣለች፣ ምክንያቱም እኮ ኦተር ጉድጓድ አትቆፍርም፣ ቢቨር የሚባለው እንስሳ ውሃ ላይ በእንጨት ሰርቶ የተወውን ቤት ወይም የሆነ የተዘጋጀ ክፍተት ፈልጋ ነው የምትገባው፣ ያንተ ጀልባ ደግሞ ደረቅ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ጣሪያ አለው፣ ከውሃ ሁለት እርምጃ ነው። እኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እንግዲህ ወደዛ ታሪክ ልግባ። ማርች መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ሸራው ከኋላ ጥጉ ጋ ተገልጧል፣ ከሞተሩ ጎን ቱቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ፣ መዳፌን የሚያክል ነው፣ እሱ ዙሪያ ጸጉርና ጭቃ አየሁ። ከዛ ቀዳዳ ጀርባ ባዶ ቦታ አለ፣ ኢንሱሌሽን (የሙቀትና የድምጽ መከላከያ) የተለጠፈበት። ማሪናው (የጀልባ ማቆሚያው) ቢሮ ሄጄ ሰው ላኩልኝ አልኳቸው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰውዬ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "ጀልባው ያንተ ነው፣ ችግሩም ያንተ ነው" አለኝ። ይባስ ብሎ ከሶስት ቀን በኋላ ዶኩን አቆሽሸሃል የሚል ደብዳቤ ከነቅጣቱ ላኩልኝ፣ በወር በወር ሳላዛባ የምከፍል ሰው። ተናደድኩ፣ እውነቱን ነው የምልህ፣ የሰራሁት ስህተት ግማሹ ከዛ ንዴት የመጣ ነው።

ማታ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሊመሽ ሲል እናትየው ወጣች፣ ውሃ ውስጥ ገባች፣ ሄደች። ሮጥ ብዬ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀዳዳውን በጣውላና በብሎን ዘጋሁት፣ ሸራውን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ፣ ተገላገልኩ ብዬ እቤት ገብቼ ተኛሁ። ዝናብ እየዘነበ ነበር።

በነጋታው ስደርስ ጀልባው ከኋላ በኩል ዝቅ ብሏል። ሸራው ከላይ ወደታች ተተርትሯል፣ በካቢኑ በኩል ገብታ የሞተሩን ክዳን ጠርዝ ቧጭራዋለች፣ የአየር ማስወጫውን ለስላሳ ቱቦ በጣጥሳ አውጥታዋለች፣ ኢንሱሌሽኑን እንደ ጥጥ በትናዋለች፣ እዛ ስትታገል ጀልባው ውስጥ የገባ ውሃ የሚያወጣውን ፓምፕ ሽቦ ነቅላዋለች። ፓምፑ አልሰራም፣ የዝናቡ ውሃ ሞተሩ ግማሽ ድረስ ገብቷል። እሷ አሁንም እዛው ነበረች፣ አፏ ደምቷል፣ እኔን ስታይ በአፍንጫዋ እፍፍ እያለች ጮኸችብኝ፣ አልሄድም አለች። ያኔ ነው ከጣውላው ጀርባ ድምጹን የሰማሁት፣ እንደ ወፍ ጫጩት ቀጭን ጭውጭውታ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ወደ ዶኩ ጫፍ ሄጄ ቆምኩ። አንዱን አንገቱ ላይ ነክሳ ይዛ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ሁለተኛውን ወሰደች፣ ለሶስተኛው ስትመለስ አሸተተችው፣ በእግሯ ነካ ነካ አደረገችው፣ ትታው ሄደች። ቀርቤ ሳየው ውሃው ደርሶበት ነበር። ዓይኑ ገና አልተገለጠም። በፎጣ ጠቅልዬ ነው ያወጣሁት፣ እስከዛሬ ያ ፎጣ ውስጥ የነበረው ክብደት እጄ ላይ አለ።

ኢንሹራንሱ ደግሞ በእንስሳት የሚደርስ ጉዳት አንሸፍንም አለኝ፣ ውሉ ውስጥ በደቃቃ ጽሁፍ አለ፣ ያንተንም ዛሬውኑ ገልጠህ እየው። ሞተሩን ፈትቶ ማድረቅ፣ ሽቦ መቀየር፣ አዲስ ሸራ ማሰፋት፣ ሙሉ የበጋውን ወራት ጀልባዬ መሬት ላይ ቆሞ አሳለፍኩ።

ከዛ በኋላ የስቴቱ የዱር እንስሳት ባለሙያ መጥታ አየችልኝ፣ እግዜር ይስጣት፣ አልፈረደችብኝም፣ በስነስርዓት አስረዳችኝ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሶስት ይወልዳሉ፣ ዓይናቸው እስኪገለጥ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል፣ ሁለት ወር ገደማ ሲሞላቸው ነው እናታቸውን ተከትለው ከጎሬው የሚወጡት። ዶክ ላይ የቆዩ ሽማግሌ ጎረቤቶቼ "ድሮ አልነበሩም" ሲሉ ውሸት እንዳልሆነም ነገረችኝ፣ በአደንና በተበከለ ውሃ ምክንያት ከብዙ ስቴት ጠፍተው ነበር፣ ሚዙሪ ብቻውን ከ1982 እስከ 1992 ድረስ ከ800 በላይ ኦተር ከሌላ አምጥቶ ለቋል፣ ኦሃዮና ኒውዮርክም እንደዛው አድርገዋል። ስለዚህ ጠፍታ የተመለሰች እንስሳ ናት፣ አብረናት መኖሪያ መላ መፈለጉ የኛ ስራ ነው።

መላው ይሄ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ጋዜጣ ጨብጠህ ላላ አድርገህ ሰካ፣ ሶስት ሌሊት ጠብቅ። ካልተነካ ባዶ ነው፣ ያኔ ዝጋው፣ ከተገፋ ኦተር አለችበት ማለት ነው። ወቅቱ የወሊድ ከሆነ ቀን ቀን መብራት አብራበት፣ ራዲዮ ወሬ የሚያወራ ጣቢያ ላይ አድርገህ ተውለት፣ ሰላም ካጣች ራሷ ልጆቿን ተሸክማ ሌላ ቦታ ታዞራቸዋለች። አንድ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ አትቸኩል። ካልሄደች ደግሞ ልጆቹ መራመድ እስኪጀምሩ ታገስና ባለሙያ ጥራ። ከወጡ በኋላ ነው በጠንካራ የሽቦ ወንፊት የምትዘጋው፣ ጣውላና ፎም እንዳትሞክር፣ ትበጥሰዋለች። ጭንቅላቷ ካለፈ ገላዋ ያልፋል፣ ስለዚህ ትንሿንም ክፍተት አትናቃት።

መውጫዋን ንሳት። ከጀልባው ኋላ ያለው ስዊም ፕላትፎርም፣ ዋናተኛ የሚወጣበት ዝቅ ያለ መድረክ፣ ለሷ ደረጃ ነው። እኔ የፕላስቲክ አጥር ቆርጬ ዙሪያውን ቀጥ አድርጌ አቆምኩበት፣ ስፈልግ የሚነቀል፣ ከሁሉም የሰራልኝ እሱ ነው። እንቅስቃሴ ሲያይ ውሃ የሚረጨው መሳሪያ ጥሩ ነው ግን ይለምዱታል፣ በየሳምንቱ ቦታውን ቀይርለት። የፕላስቲክ ጉጉት ብር ማባከን ነው። የኤሌክትሪክ አጥር ዶክ ላይ በራስህ እንዳትዘረጋ፣ ከዶኩ መብራት ሽቦ ስበህ ውሃ አጠገብ ስትጫወት የሚዋኝ ልጅ ነው የምትገድለው። ዓሣ ዶክ ላይ አትበልት፣ ማጥመጃ ስጋም አታሳድር። ውሻህንም ያዘው፣ ልጅ ያላት ኦተር ውሃ ውስጥ ውሻ ትነክሳለች፣ ራቢስ (የእብድ ውሻ በሽታ) የሚይዛቸውም አሉ።

የመጨረሻው ነገር ጎረቤቶችህ ናቸው። ያንተን ብቻ ብታጸዳ አጠገብህ ባለቤቱ ለዓመት ያልረገጠው ጀልባ ካለ እዛ ይወልዳሉ፣ አንተ ጋ ይጸዳዳሉ። እኔ አንድ ቅዳሜ ዶኩን ከጫፍ ጫፍ ዞሬ የተጸዳዱበትን ቦታ ሁሉ ፎቶ አንስቼ በወረቀት ላይ ስዬ ያን ሰውዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት፣ ከ11 ጀልባ ባለቤት ፊርማ ጋር። ቅጣቱን ሰረዙልኝ፣ የተተዉት ሁለት ጀልባዎችም ተሸፈኑ። ይኸው ሶስተኛ ዓመቴ ነው፣ ሸራዬ ላይ አንድ የዓሣ ቅርፊት አላገኘሁም። ኦተሮቹ አሉ፣ ማታ ማታ ከዶኩ ወዲያ ድንጋዩ ላይ ሲጫወቱ አያቸዋለሁ።

አሁን ብሎን መፍቻህን ቁም ሳጥን ውስጥ መልሰውና ዛሬ ማታ ሄደህ ጋዜጣውን ሰካ። የቀዳዳውንና የኋላውን ጥግ ፎቶ አንስተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ሰኞ ጠዋት ጋዜጣው ምን እንደሆነ ንገረኝ፣ ከዛ አብረን እናየዋለን።