የኋላው በር ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። ባሕር ዳር ጣና ዳር ባለ አንድ የሕክምና ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራ ቴክኒሽያን ነኝ። 14 ሠራተኞች ነን። ናሙና መቀበያው ምድር ቤት ነው፣ ምርመራው የሚሠራው ፎቅ ላይ። ባለፈው ሳምንት ኃላፊያችን ጠርቶኝ «የእሳት አደጋ ልምምድ አዘጋጂልን» አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ታካሚ በሌለበት፣ ማሽኖቹ ሁሉ ጠፍተው ይሁን ብሏል። እኔ ስለ ልምምድ የማውቀው ነገር የለም። ከየት ልጀምር? አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ክፍሉ በር ላይ በርሜል ውስጥ ወረቀት እናቃጥልና እናጥፋ እያለኝ ነው። ይሄስ ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ኃላፊሽ ይህን ማሰቡ ራሱ ደስ ይላል። ቅዳሜ ከሰዓቱ ላይ ግን አልስማማም፣ ለምን እንደማልስማማ በደረሰብን ነገር ልንገርሽ።

ከዓመታት በፊት የምሠራበት ላብራቶሪ ውስጥ የአክታ ስላይድ እናቀልም ነበር። ሥራውን ታውቂዋለሽ። ካርቦል ፉክሲን የሚባለውን ቀይ ቀለም ናሙና የተቀባበት መስታወት፣ ስላይዱ፣ ላይ ታፈሺያለሽ፣ ዘንግ ላይ የጠቀለልሽውን ጥጥ አልኮል ነክረሽ ታቀጣጥይና እንፋሎት እስኪያወጣ ከስር ታሞቂዋለሽ። ቀጥሎ በአሲድ አልኮል ማጠብ ነው። እና ያ የአሲድ አልኮል ጠርሙስ ከሚነደው ጥጥ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ባልደረባችን በክርኗ ነካችው፣ ወደቀ። የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን ብዙም አይታይም። እሷም እሳቱን ያወቀችው የጋውኗ እጅጌ ሲቃጠል ነው። እኛ ወደ ኋላው በር ሮጥን። በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው፣ ጥበቃው ምሳ ሄዷል።

ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። የእሷ እጅ ግን ለሁለት ወር በፋሻ ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ምን መሰለሽ? ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ልምምድ አድርገን ነበር። ልክ እንደናንተ፣ ሥራ በሌለበት ቀን። የኋላው በር አስቀድሞ ተከፍቶልን ነበር፣ ሁላችንም በሰልፍ ወጣን፣ ፎቶ ተነሳን። በሩ እንደሚቆለፍ ያ ልምምድ ሊነግረን አልቻለም።

ስለዚህ ልምምዱ ሥራ ላይ ሳላችሁ ይሁን። ታካሚ በሚበዛበት፣ ናሙና የሚያሽከረክረው ማሽን፣ ሴንትሪፊውጁ፣ በሚዞርበት፣ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ። በእርግጥ በአንድ ቀን እዚያ አይደረስም፣ ደረጃ በደረጃ ነው።

መጀመሪያ ደብተር ይዘሽ ሕንፃውን ዙሪ። ምን ይነድዳል፣ ምን ያቀጣጥላል፣ በየት ይወጣል፣ ይኼን ጻፊ። እዚህ ላይ ለአልኮሉ ልዩ ትኩረት ስጪ። ንጹሕ ኢታኖል 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል፣ ባሕር ዳር ውስጥ ደግሞ በሥራ ሰዓት ከዚያ የቀዘቀዘ ክፍል ማግኘት ይከብዳል። አሴቶን የሚባለው ፈሳሽ ይብሳል፣ ከዜሮ በታችም እንዲህ ያለ ትነት ያወጣል። ትነታቸው ከአየር ስለሚከብድ ጠረጴዛው ላይና ወለሉ ላይ እየተሳበ ይሄድና ራቅ ያለ እሳት ጋ ይደርሳል። ጠረጴዛ ላይ ለቀኑ የሚበቃው ብቻ ይቀመጥ፣ የቀረው ቁም ሳጥን ውስጥ ይግባ። አልኮል ላምፕ እየነደደ ወይም ገና ትኩስ ሆኖ አይሞላም። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ሥራ ሲበዛ ግን ሁሉም ሰው ይረሳል።

ቀጥሎ ቡና አስፈልተሽ ሁሉንም ሰብስቢና እያንዳንዱን በተራ «ደወል ሲደወል እጅህ ላይ ምን አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ለእኔ የልምምዱ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ደም የምትቀዳዋ ምን ታደርጋለች? የታካሚው ክንድ ታስሯል፣ መርፌው ደም ሥር ውስጥ ነው። ማሰሪያውን ትፈታለች፣ መርፌውን አውጥታ ሳጥኑ ውስጥ ትጥላለች፣ ጥጥ ሰጥታ «ይጫኑት» ትላለች፣ ታካሚውን ይዛ ትወጣለች። ስላይድ የሚያሞቀው እሳቱን ያጠፋል። ጋዝ የከፈተ ይዘጋል። ፊውም ሁድ፣ ማለትም የኬሚካል ትነት የሚስበው ሳጥን፣ ላይ ያለው መስታወቱን ያወርዳል። ሁላቸውም ይህን በእጃቸው ያሳዩሽ፣ በአፍ ብቻ አይበቃም። በአንድ በሁለት የእጅ እንቅስቃሴ የማይዘጋ ነገር ካለ ይተዉት፣ ይውጡ። ለስልክ፣ ለቦርሳ፣ ለመዝገብ ብሎ የሚመለስ ሰው አይኑር። የተበከለ ጓንት ያደረገ እዚያው አውልቆ ይጣል፣ ካልቻለም ፊቱንም ሰውንም ሳይነካ ይውጣ።

ደወሉን በተመለከተ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ መሆን አለበት። የኤሌክትሪክ ደወል ብቻ ካላችሁ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደሚደወለው የመኪና ቸርኬና አንድ ብረት አዘጋጁ። ድምፁ ፎቅ ላይ ያለው መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ ይሰማል ወይ? ገብተሽ አዳምጪ።

የመሰብሰቢያ ቦታ ላይ የጣናን ነፋስ አትርሺ። ቀን ላይ ምድሩ ከሐይቁ ፈጥኖ ስለሚሞቅ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይገፋል፣ ሌሊት ይገለበጣል። ሕንፃችሁ ጣና ዳር ከሆነ፣ በከተማው በኩል ባለው ግቢ ከተሰበሰባችሁ ከሰዓት በኋላ ጭሱ እላያችሁ ላይ ነው። ሁለት ቦታ ምረጡ። አንድ የፌስታል ቁራጭ እንጨት ላይ አስራችሁ ግቢው ውስጥ ትከሉ፣ ወዴት እንደሚነፍስ ያሳያችኋል። ሁለቱም ቦታ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበትን በር የማይዘጋ ይሁን። በር ላይ የሚቆሙትን ባጃጆችም ከአሁኑ አነጋግሯቸው።

ቆጠራው ላይ ሠራተኛ ብቻ አይቆጠርም። ታካሚ አለ፣ አስታማሚ አለ፣ ማሽን ሊጠግን የመጣ ሰው አለ። መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ የዕለቱን መዝገብ ይዛ ትውጣ፣ ከእጇ የማይለይ ከሆነ ብቻ። በየፎቁ አንድ ሰው ክፍሎቹን እያየ በር እየዘጋ የመጨረሻ ሆኖ ይውጣ።

የመጀመሪያው ልምምድ ቀኑ ተነግሮ ይሁን። ሁለተኛው ሳምንቱ ብቻ ይታወቅ። በሦስተኛው ዋናው ደረጃ ላይ «እዚህ እሳት አለ» የሚል ወረቀት የያዘ ሰው አቁሚ። ያን ጊዜ የኋላው በር ጉዳይ ይወጣል። አንድ ሰው ደግሞ ለማንም ሳይነገር መጸዳጃ ቤት ይቆይና ፈላጊው ያገኘው እንደሆነ እይ። ታካሚዎችን አታስደንግጡ፣ ማስታወቂያ ለጥፉ፣ አቅም የሌለውን ሰው ደረጃ አታስወርዱ። በእሱ ቦታ ከእናንተው አንዱ ታካሚ ይሁን። ለጎረቤትና ለአካባቢው ጸጥታ ሰዎች አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ሰው ኡኡታ ሰምቶ እንዳይሮጥ።

የበርሜሉን ሐሳብ ተዪው። ላብራቶሪ አጠገብ ለልምምድ ተብሎ እሳት አይነድም። የእሳት ማጥፊያ አያያዝ መማር ከፈለጋችሁ የከተማውን የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋብዙና ሜዳ ላይ እነሱ ያሠሯችሁ። በዚያው ስልካቸውን ከራሳቸው ተቀብለሽ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፊ። ብዙ ሰው አፉ ላይ ያለው 939 የአዲስ አበባው ነው።

እንደወጣችሁ፣ ሰው ሳይበተን፣ እዚያው ቆማችሁ ተነጋገሩ። የመጨረሻው ሰው በስንት ደቂቃ ወጣ? የቱ በር አስቸገረ? ማን ደወሉን አልሰማም? የዘገየን ሰው አትውቀሱ፣ ምን እንዳዘገየው ጠይቁ። ኃላፊሽ «በሥራ ሰዓት አይሆንም» ካለሽ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደህንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ እንደሆነ ይናገራል። ግን በሕግ ከመጀመርሽ በፊት እጁን ይዘሽ ወደ ኋላው በር ውሰጂውና «ክፈተው» በይው።

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ ማስተማሪያ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ፣ እዚሁ ባሕር ዳር። ያለን አንድ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ብቻ ነው። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። ዱቄቱ ለብዙ ዓይነት እሳት ይሠራል፣ ግን ማይክሮስኮፕና ሚዛን ላይ ከነፋኸው እሳቱ ጠፍቶም ዕቃው ይበላሻል። ለኤሌክትሪክ ዕቃና ለትንሽ የአልኮል እሳት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨምሩ፣ ቅሪት አይተውም። ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ጋዙ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ስለሚወጣ መለከት የሚመስለውን አፉን በእጅህ አትያዝ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ አየሩን ስለሚያባርር ነፍተህ ቶሎ ውጣ። ሶዲየም የሚባለው ብረት ካላችሁ ለእሱ ውሃም ካርቦን ዳይኦክሳይድም አይሆኑም፣ ደረቅ አሸዋ በባልዲ አስቀምጡ። ደረቅ መሆኑን በየጊዜው በእጅህ ዳስሰው።

በየወሩ እይ። የዱቄቱ የግፊት መለኪያ መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆን አለበት፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን መርፌ የለውም፣ መሙላቱ የሚታወቀው በሚዛን ነው። ስታጠፋ ፒኑን ንቀል፣ ነበልባሉን ሳይሆን ሥሩን ዒላማ አድርግ፣ ተጫን፣ ግራና ቀኝ ጥረግ። መውጫው ሁልጊዜ ከጀርባህ ይሁን። በአንዱ ካልጠፋ ሁለተኛ ፍለጋ አትሂድ፣ በሩን ከኋላህ ዘግተህ ውጣ።