ለወጣት ተመራማሪዎች፦ ከቤተ ሙከራ ወጥታችሁ ጠይቁ

ውድ ወጣት ተመራማሪዎች፣

ለመምህራንና ለተመራማሪዎች ከሚሰጡት የሥራ ፈጠራ ሥልጠናዎች እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በንግድ ዕቅድ አጻጻፍ ላይ ነው። ሠልጣኙ የአምስት ዓመት የትርፍና ኪሳራ ሠንጠረዥ ሠርቶ ይወጣል፤ ገዢው ማን እንደሆነና ዛሬ ችግሩን በምን እየተወጣው እንዳለ ሲጠየቅ ግን መልስ ያጣል። እኔ የምመክራችሁ ከዕቅዱ የሚቀድመውን ሥራ፣ ማለትም ሰው የመጠየቅን ሥራ እንድትለምዱ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚቀርበኝ ምሳሌ ጤፍ ነው። ዲዜድ-01-974 የተባለው ዝርያ ምርታማ ቢሆንም የፍሬው ንጣት ገበያው የሚፈልገውን ያህል ስላልነበረ ገበሬው እንደታሰበው አልተቀበለውም፤ ማኛ በመባል የሚታወቀው ዲዜድ-01-196 ደግሞ በንጣቱ ተወዳጅ ሆኖ ምርቱ ዝቅተኛ ነበር። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ሁለቱን አዳቅለው እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮን ሲያወጡ፣ ዝርያው በገበሬው ዘንድ በሰፊው ተሰራጨ። በሄክታር የተገኘውን ኩንታል መለካት የእኛ ልማድ ነው፤ ገበሬው ግን ኩንታሉ እህል በረንዳ ሲደርስ ስንት ብር እንደሚያወጣም ያሰላል፣ ነጋዴውም ከጆንያው ዘግኖ መዳፉ ላይ እያየ ዋጋ ሲቆርጥ የምርታማነት ሠንጠረዣችንን አያውቀውም። የንግድ አስተሳሰብ የምለው ይህን የነጋዴ መዳፍ ከምርምር ጥያቄው ውስጥ ማስገባትን እንጂ፣ ሳይንስን ትቶ ሱቅ መክፈትን አይደለም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረው አይ-ኮር የተባለ ሥልጠናም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። የተመራማሪዎቹ ቡድን በሰባት ሳምንት ውስጥ ቢያንስ 100 ሰዎችን አግኝቶ እንዲያነጋግር ይጠበቅበታል፤ ግኝታቸው ገዢ እንደሌለው በዚሁ ጊዜ ተረድተው የሚተዉትም እንደ ወደቁ አይቆጠሩም።

ይህን አሠራር እንዳለ ወደ እኛ አገር ማምጣት ግን አይበቃም፤ ይሉኝታ አለብንና። አንዲትን እናት «ይህን ምድጃ ብሠራልዎ ይገዙኛል?» ብትሏቸው፣ የተማረ ልጅ ደጃቸው ድረስ መጥቶ ማሳፈር ስለማይወዱ «እንዴታ ልጄ!» ብለው ቡና ያፈሉላችኋል። ያ መልስ መረጃ አይደለም። ይልቁንስ ባለፈው ወር ለከሰልና ለማገዶ ስንት እንዳወጡ፣ የቀድሞውን ምድጃ ከየት እንደገዙና ለምን እንደጣሉት፣ ዕቃ ሲገዛ በቤቱ ውስጥ ወሳኙ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ሰው ወደፊት ስለሚያደርገው ነገር በይሉኝታ ሊያስደስታችሁ ይችላል፤ አስቀድሞ ስላወጣው ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ይነግራችኋል።

የሚጠቀመውና የሚከፍለው ሰው የተለያዩ ሲሆኑ ደግሞ ሥራው ይከብዳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ የገደላቸውም እንዶዱ ነበር። በበሽታው የሚሠቃየው የገጠር ሕዝብ ነው፤ ለሰፊ መከላከያ ሥራ ገንዘብ የሚሰጡት ግን ዓለም አቀፍ ተቋማት ናቸው፣ እነርሱም በእንዶዱ ላይ በመስፈርታቸው የተካሄደ የመርዛማነት ምርመራ ፈለጉ፤ ያም ዓመታት ወሰደ። ስለዚህ ከፋዩ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚጠይቅ በመጀመሪያው ዓመት ማወቅ ይገባል።

ስለ ፓተንት፣ ማለትም ስለ ፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በአውሮፓ ሕግ ግኝቱ ከማመልከቻው በፊት ከታተመ አዲስነቱን ያጣል፤ አሜሪካ ግን ከታተመ በኋላ ለማመልከት የአንድ ዓመት ዕድል ትሰጣለች። ጽሑፋችሁን ወደ መጽሔት ከመላካችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲያችሁን የቴክኖሎጂ ሽግግር ክፍል አማክሩ።

በሚቀጥለው የምርምር ፕሮፖዛላችሁ በጀት ውስጥም፣ ከኬሚካልና ከመሣሪያ መግዣው ጎን፣ ለገበያ ቀን ጉዞና ለአስተርጓሚ የሚሆን አበል አስገቡ፤ ገምጋሚው «ይህ ምን ይሠራል?» ብሎ ሊሰርዘው ሲል የዲዜድ-01-974ን ታሪክ ንገሩት።