ቡስቱን ለጊዜው ተይው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ልብስ ስፌት በአማርኛ ብሎግ ከከፈትሽ ስምንት ወር ሆኖሻል። 40 ጽሑፍ አለሽ። በቀን ከ20 ሰው በላይ አይገባም፤ ግማሹም ዘመድ ነው። «ፌስቡክ ላይ ከፍዬ ቡስት ላስደርግ ወይስ ልተወው?» ነው ያልሽው፤ ቡስት ማለት ፌስቡክ ገንዘብ ተቀብሎ ፖስትሽን ለብዙ ሰው እንዲያሳይልሽ ማድረግ ነው። አጭሩ መልስ፦ ብሎጉን አትተይው፣ ቡስቱን ግን ለጊዜው ተይው። ረጅሙ ይኸው፣ ቡና እያፈላሽ አንብቢው።

እኔ የምጽፈው ስለ ዶሮ እርባታ ነው። መጀመሪያ አካባቢ እንዳንቺው አንባቢዎቼ ወንድሜና የወንድሜ ሚስት ነበሩ። ቸኮልኩ። የዶላር ካርድ ያለው ልጅ አፈላልጌ፣ ኮሚሽን ጨምሬ ከፍዬ፣ አንድ ሳምንት ቡስት አስደረግኩ። ላይኩ ዘነበ። ብሎጉ ውስጥ የገባው ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሰው ፎቶው ላይ ያለችውን ዶሮ ወደዳት፣ ላይክ አደረገ፣ አለፈ። ብሩ ሲያልቅ ላይኩም ቀጥ አለ።

ቀጥሎ የባሰ ጅልነት ሠራሁ። «ሜምበር አስገባለሁ» ከሚል ልጅ ለቴሌግራም ቻናሌ 5 ሺህ ሰው ገዛሁ። በማግስቱ ቻናሉ ሞላ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ መኖ ነጋዴ ማስታወቂያ ሊሰጠኝ ፈልጎ ቻናሉን አብረን ከፈትን። ቴሌግራም እያንዳንዱን ፖስት ስንት ሰው እንዳየው ከሥሩ ይጽፋል፤ የዓይን ምልክቷን ታውቂያታለሽ። ሰውዬው እሷን አየና፣ «ወንድሜ፣ 5 ሺህ ሰው አለህ፣ ያየው 63 ነው። ሌሎቹ የት ሄዱ?» አለኝ። ምን ልበለው? ማስታወቂያውም በዚያው ቀረ።

ነገሩ የተለወጠው በአንድ አርእስት ነው። «የኒውካስል በሽታ ምንነትና የመከላከያ ዘዴዎች» የሚል ጽሑፍ ነበረኝ። ሦስት ቀን የለፋሁበት ነው፤ የሚያነበው የለም። አንድ ቀን ቴሌግራም ላይ የአርቢዎች ግሩፕ ውስጥ አንዲት ሴት፣ «ዶሮዬ አንገቷ ተጣመመ፣ ኩሷም አረንጓዴ ሆነ፣ ምን ልስጣት?» ብላ ጻፈች። ከሥሯ ሃያ ሰው «እኔም» ይላል። የሁሉም መልስ እኔ ጽሑፍ ውስጥ አለ! ግን ማን «ኒውካስል» ብሎ ይፈልጋል? አርቢው በሽታውን የሚያውቀው ፈንግል በሚለው ስሙ ነው። ከፈንግል በፊት ደግሞ የሚያየው የተጣመመ አንገት ነው።

አርእስቱን «ዶሮ አንገቷ ሲጣመምና ኩሷ አረንጓዴ ሲሆን፦ ፈንግል ሊሆን ይችላል» ብዬ ቀየርኩት። መግቢያዬ ስለ ዶሮ እርባታ ጠቀሜታ የሚያወራ ሁለት አንቀጽ ነበር፤ እሱንም ቆርጬ ጣልኩት። በምትኩ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ፈንግል ከያዛት በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ የታመመችውን ለይና ያልታመሙትን ለማትረፍ ሩጥ» የሚል ሆነ። ይዘቱን አልነካሁትም። በወሩ ከሌሎቹ ጽሑፎቼ ሁሉ ተደምሮ የሚበልጥ ሰው ያመጣ የነበረው እሱ ሆነ።

ስለዚህ 40ውን ጽሑፍሽን አስቀምጪና አርእስቶቹን ብቻ በወረቀት ጻፊ። «የልብስ ስፌት መሠረታዊ መርሆዎች» ዓይነት ስንት አለ? ልብስ የምትሰፋ ሴት ማታ አራት ሰዓት ላይ ስልኳን የምታወጣው መርህ ፈልጋ አይደለም። መኪናው ክር እየበጠሰባት ነው። ዚፑ ተቆልምሞባታል። ደንበኛዋ ነገ ጠዋት ትመጣለች። እሷ በምትጠይቅበት ቃል ጻፊላት።

ቃሉን ከየት ታመጪዋለሽ? ከሁለት ቦታ። አንዱ ግሩፖቹ ናቸው፤ ሰው የጠየቀውን እንዳለ ገልብጪ፣ አታሳምሪው። ሌላው የጉግል ሰርች ኮንሶል ነው። ነጻ ነው፣ ብሎግሽን አስመዝግቢ። ሰው ምን ብሎ ሲፈልግ ገጽሽ እንደታየና ስንቱ እንደነካው ያሳይሻል። እኔ «ላሶታ በቧንቧ ውሃ» የሚል ፍለጋ ደጋግሞ ሲመጣ ያየሁት እዚያ ነው። ላሶታ ሕይወት ያለው የፈንግል ክትባት ስለሆነ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይገድለዋል። ሰው ክትባቱን ሰጥቶ ዶሮው ሲያልቅበት ክትባቱን ይራገማል። ስለ እሱ ብቻ አንድ አጭር ጽሑፍ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ እንጀራ የምታበላኝ እሷ ናት።

የፊደል ነገር ደግሞ አለ፤ ይሄ የፊደላችን ጣጣ ነው። እኔ «ዕንቁላል» እጽፋለሁ፣ ሰው «እንቁላል» ብሎ ይፈልጋል። ያንቺ ደግሞ ይብሳል፦ ሐበሻ ቀሚስ፣ ሀበሻ ቀሚስ፣ አበሻ ቀሚስ። ጉግል ሁልጊዜ አንድ አድርጎ አያያቸውም። አርእስቱ ላይ ብዙ ሰው የሚጽፈውን አድርጊ፣ ሌላውን ጽሑፉ መሃል ወይም የፎቶ መግለጫ ላይ አስገቢው። የቋንቋ መምህሮች ይቆጡን ይሆናል፤ እኔም ልቤ ይቆጣኛል፣ ግን አንባቢው አይቆጣም።

አሁን ወደ ማሰራጨቱ። ግሩፕ ውስጥ ሊንክ ወርውሮ መሄድ አይሠራም። አድሚን ያጠፋዋል፣ ካልሆነም ያባርርሻል፤ እኔን ሁለት ቦታ አባረውኛል። መጀመሪያ መልሱን እዚያው ጻፊላት፣ ሙሉውን። «ክሩን የሚበጥሰው መርፌው ተገልብጦ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ አውጥተሽ እንደገና አስገቢው» በያት። ከሠራላት እሷ ራሷ «ሌላስ አለሽ?» ትላለች። ያኔ ሊንኩን ስጫት። ይሄንን በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ለሦስት ወር አድርጊው። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን እንዲህ የመጣ ሰው ተመልሶ ይመጣል።

ኢሜይል ሰብስቢ የሚሉሽ ይኖራሉ። እኛ አገር ኢሜይሉን በየቀኑ የሚከፍተው ቢሮ የሚሠራ ነው። የቴሌግራም ቻናል ክፈቺና አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ ሦስት መስመር ከአንድ ፎቶ ጋር ልቀቂ። ይበቃል።

ከኢንተርኔት ውጭም አለ። የክትባት ቀኖችን በአንድ ኤ4 ወረቀት አትሜ፣ ከታች የብሎጉን አድራሻ አድርጌ፣ ቢሾፍቱ ላሉ መኖ ሻጮች ሰጠኋቸው። ሰዎቹ ወዲያው ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ ደንበኛ በየቀኑ ስለሚጠይቃቸው ከመልስ ገላገልኳቸው። ፎቶ እያነሱ የሚሄዱ ብዙ ነበሩ። አንቺ ክርና ዚፕ የሚሸጡ ሱቆች አሉልሽ። የልኬት ሰንጠረዥ በአንድ ሉክ ወረቀት ስጫቸው።

ፎቶሽን ቀንሺ። ብሎግሽን በስልኬ ከፈትኩት፣ አንዱ ገጽ እስኪወጣ ሻይ ጠጣሁ። ከስልክ እንዳነሳሽው 4 ሜጋባይት የሆነ ፎቶ አትጫኚ። አንባቢሽ የቀን ጥቅል ገዝታ ነው የምትገባው፤ ፎቶሽ ጥቅሏን ከበላባት አትመለስም።

ወቅቱንም ያዢ። ጉግል አዲስ ጽሑፍን ዛሬ ጽፈሽ ነገ ከላይ አያወጣልሽም። እኔ ለፋሲካ ገበያ የሚሆን ጽሑፍ የማወጣው ገና ጾሙ ሳይገባ ነው። ያንቺማ የታወቀ ነው፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሏል። የጥምቀት ቀሚስ ጽሑፍሽን ጥር ላይ ነው ያወጣሽው፣ አየሁት። ኅዳር ላይ መውጣት ነበረበት።

አንድ ያላየሽው ገበያ ልንገርሽ። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ሆና አዲስ አበባ ቀሚስ የምታሰፋ ሴት ልኬቷን የምትልከው ራሷ ለክታ ነው። ደረቷን የት ጋ፣ ወገቧን የት ጋ እንደምትለካ አታውቅም፤ ተሰፍቶ ሲደርሳት ይጠባታል። «ቀሚስ ለማሰፋት ራሴን እንዴት ልለካ» የሚል አንድ ጽሑፍ ከስድስት ፎቶ ጋር ሥሪ። ውጭ ያሉት አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉ ስለሚበዙ፣ አርእስቱን ከሥር በላቲንም ድገሚው። ሰፊዎቹ ራሳቸው ሊንኩን ለደንበኛ ይልኩልሻል፤ በስልክ እያስረዱ መድከም ሰልችቷቸዋል።

ጽሑፌን ይሰርቁብኛል ላልሽው መድኃኒት አላገኘሁም። ፎቶው መሃል ላይ ስምሽን ጻፊ፣ ጥግ ላይ ካደረግሽው ይቆርጡታል።

የአርእስቶቹን ዝርዝር እዚሁ ለጥፊው። ቅዳሜ ማታ ዶሮዎቹን ካስገባሁ በኋላ አብረን እናየዋለን።