አውሮፕላኑ ሲዘገይ ማን ይከፍላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ሦስት ጥያቄዎች ከጅማ የመጡ ናቸው። ሦስቱም ስለ አውሮፕላን ጉዞ ነው የሚጠይቁት። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ የምትኖረው ፍራንክፈርት ነው። ለወንድማችን ኒካህ ስትመጣ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ በአንድ ቲኬት ነው የቆረጠችው። አውሮፕላኑ ገና ከፍራንክፈርት ሲነሳ አምስት ሰዓት ዘገየ። አዲስ አበባ ስትደርስ የጅማው በረራ አምልጧታል። እዚያው አድራ በማግስቱ አባ ጅፋር ኤርፖርት ስትወርድ ኒካሁ ታስሮ፣ እንግዳው በልቶ ተበትኗል። አየር መንገዱ «የቴክኒክ ችግር ነው፣ ሆቴልም ሰጥተንሻል» ብሎ ዘጋው። እሷም «ተይው፣ ከአየር መንገድ ጋር ማን ይሟገታል» ትላለች። እውነት ምንም መጠየቅ አይቻልም? ከሂርማታ

መልስ፦ ይቻላል እንጂ! እህትሽ 600 ዩሮ ካሣ የመጠየቅ መብት አላት። ተይው ተብሎ የሚተው ገንዘብ አይደለም።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 የሚባል ሕግ አለው። በፈረንጆች 2005 ሥራ ላይ የዋለ ነው። ከኅብረቱ አገሮች ኤርፖርት የተነሳን መንገደኛ ሁሉ ይሸፍናል። አየር መንገዱ የአውሮፓ ይሁን የአፍሪካ ወይም የዓረብ፣ ለውጥ የለውም። ሕጉ የሚያየው መነሻውን ነው። ርቀቱ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ከሆነ ካሣው 250 ዩሮ፣ እስከ 3,500 ከሆነ 400፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 600 ነው። ከፍራንክፈርት ጅማ ደግሞ ከ3,500 በብዙ ያልፋል። ደንቡ ላይ ካሣው የተጻፈው ለተሰረዘ በረራ ነበር። የኅብረቱ ፍርድ ቤት ግን በ2009 ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ የደረሰ መንገደኛም እኩል ካሣ ይገባዋል ብሎ ወሰነ። በረጅሙ ርቀት መዘግየቱ ከአራት ሰዓት ካልበለጠ ግማሹን ሊቀንሱ ይችላሉ። የእህትሽ ግን አድሮ መድረስ ስለሆነ ሙሉው ነው።

እዚህ ላይ አየር መንገዶች የሚያመጧት አንድ መከራከሪያ አለች። «ጅማ የዘገየሽው አዲስ አበባ ላይ በረራ ስላመለጠሽ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ አውሮፓ አይደለም» ይላሉ። ይህ ተቀባይነት የለውም። ቲኬቱ አንድ እስከሆነ ድረስ ጉዞው እንደ አንድ በረራ ነው የሚቆጠረው። ፍርድ ቤቱ በ2018 ከበርሊን ተነስታ በካዛብላንካ በኩል በሄደች መንገደኛ ጉዳይ ይህንኑ ወስኗል። ስለዚህ የሚቆጠረው ፍራንክፈርት ላይ የቆመችበት ሰዓት ሳይሆን ጅማ ላይ የአውሮፕላኑ በር የተከፈተበት ሰዓት ነው። ጎማው መሬት የነካበት እንኳ አይደለም።

«የቴክኒክ ችግር» የሚለውንም ዝም ብላችሁ አትቀበሉት። ጥገና የአየር መንገድ የየዕለት ሥራ ነው። በ2008 የተሰጠው ውሳኔ ተራ ብልሽት ከካሣ ነጻ አያወጣም ይላል። መጥፎ አየር፣ የጸጥታ ስጋት፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሥራ ማቆም ሲያጋጥም ሌላ ነገር ነው። ያኔም ቢሆን ማስረዳት ያለበት አየር መንገዱ ነው። ሆቴሉ ደግሞ ሌላ፣ ካሣው ሌላ! ምግብ፣ መኝታ፣ ወደ ሆቴል ማመላለሻ፣ ሁለት የስልክ ጥሪ፣ እነዚህ መንገደኛው እየጠበቀ ሳለ የሚሰጡት ናቸው፤ ካሣውን አይተኩም።

እንግዲህ እህትሽ ትጻፍ። የቲኬቱን መለያ ቁጥር፣ የበረራ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ጅማ የደረሰችበትን ሰዓት ታስቀምጥና «በደንብ 261/2004 መሠረት 600 ዩሮ እጠይቃለሁ» ብላ በቀጥታ ለአየር መንገዱ ትላክ። የቦርዲንግ ፓሷን ፎቶ ታያይዝ። ያ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ ከርሞ ሲወጣ ጽሑፉ ጠፍቶ ነጭ ብራና ይመስላል፤ አሁኑኑ በስልክ ታንሳው። የጉዞ ቫውቸር እንስጥሽ ካሏት የመቀበል ግዴታ የለባትም። ካላስማማት በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ነው የሚከፈለው። ልጅ ይዛ ከነበረና ለልጁ ቲኬት ከተገዛ የልጁም 600 ለብቻው ይጠየቃል። በጀርመን ሕግ ጉዞው የተደረገበት ዓመት ካለቀ በኋላ ሦስት ዓመት ጊዜ አላት። እንቢ ካሏት ፍራንክፈርት ፍርድ ቤት መክሰስ ትችላለች፣ መነሻዋ እዚያ ነውና። እናስከፍልልሽ የሚሉ ድርጅቶችም አሉ፤ ከካሣው ጥሩ ድርሻ ስለሚወስዱ መጀመሪያ ራሷ ብትሞክር ይሻላታል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ትወቅ። ስትመለስ ከጅማ ወደ ፍራንክፈርት ቢዘገይባት ይህ ሕግ አይሠራላትም፣ አየር መንገዱ የአውሮፓ ካልሆነ በቀር። ደርሶ መልስ በአንድ ቲኬት ቢቆረጥም መመለሻው ለብቻው ነው የሚታየው። እንደ ሉፍታንዛ ባለ የአውሮፓ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ብትነሳ ግን ትሸፈናለች። ዘመድ ለንደን ላላችሁም፣ እንግሊዝ ከኅብረቱ ስትወጣ ሕጉን ይዛው ነው የወጣችው። ከለንደን አዲስ አበባ ካሣው 520 ፓውንድ ነው። አሜሪካ ላይ ለመዘግየት እንዲህ ቁርጥ ያለ ካሣ የለም። ግን በረራው ከተሰረዘና መሄዱን ከተዋችሁት የቲኬቱን ገንዘብ ይመልሳሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሆይ፣ እንደምን አለህ። የበኩር ልጄ ዱባይ ነው። የዱባዩን ቲኬት እሱ ላከልኝ፤ ከጅማ አዲስ አበባውን እኔው እዚህ ቆረጥኩ። ጠዋት ኤርፖርት ተቀምጠን ስንጠብቅ «ደመና ነው» ብለው ሰረዙት። የማታው የዱባይ በረራም ጥሎኝ ሄደ። ቲኬቱ ተቃጥሏል አሉኝ። ማንን ልጠይቅ? ከመንደራ ቆጪ

መልስ፦ አባቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። የእርስዎ ነገር ከበደኝ፤ ቢሆንም እውነቱን ልንገርዎ። ሁለት ቲኬት ማለት ሁለት ውል ነው። የዱባዩ አየር መንገድ እርስዎ ከጅማ እንደሚነሱ የሚያውቀው ነገር የለም። በእሱ በኩል «መንገደኛው አልመጣም» ነው። የጅማውም ደመናን መግፋት አይችልም። በአውሮፓ ሕግ እንኳ ለመጥፎ አየር ካሣ አይከፈልም።

የሚያስመልሱት ግን አለ። ያልበረሩበትን የጅማ ቲኬት ገንዘብ ይጠይቁ። በረራው በዚህ ቀን፣ በዚህ ምክንያት መሰረዙን የሚገልጽ ወረቀት ያስጽፉ። ያንን ይዞ ልጅዎ ቲኬቱን የገዛበትን ቢሮ ያነጋግር። ዋጋው ባይመለስ እንኳ ቲኬቱ ውስጥ ያለው የኤርፖርት ታክስ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በቅጣት ቀን መቀየር የሚፈቅዱ ቲኬቶችም አሉ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ካጋጠመዎ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ እያሉ፣ የዱባዩ ሳይነሳ ይደውሉ። በረራው ከሄደ በኋላ የሚጠየቀው ቅጣት ከበፊቱ ይብሳል።

ከሁሉም የሚሻለው ከጅማ እስከ ዱባይ በአንድ ቲኬት መቁረጥ ነው። ያኔ ከጅማ የሚነሱባት ትንሿ አውሮፕላን ጭምር የዓለም አቀፍ ጉዞው አካል ትሆናለች፤ ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የ1999 የሞንትሪያል ስምምነትም ይሸፍንዎታል። አንዱ ቢያመልጥዎ በሌላ በረራ ዱባይ ማድረስ የአየር መንገዱ ዕዳ ነው። ስምምነቱ እንደ አውሮፓው ቁርጥ ክፍያ የለውም፤ በመዘግየቱ ያወጡትን ወጪ በደረሰኝ ያስረዳሉ፣ እስከ 6,303 ኤስዲአር ድረስ ይከፈላል። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት ሒሳብ መለኪያ ነው፤ አንዱ ከአንድ ዶላር ይበልጣል። አየር መንገዱ የሚቻለውን ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ ግን ይድናል፤ ደመና ሲሆን ይህን ማስረዳት አይከብደውም። ማድረሱ ግን አይቀርለትም።

በሁለት ቲኬት የግድ ከሆነብዎ ከዋዜማው አዲስ አበባ ይግቡ። በክረምት የጅማ ጠዋት ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ጅማ የሚያድር አውሮፕላን የለም። ከአዲስ አበባ ያልመጣ ከጅማ አይነሳም። በወልቂጤ በኩል በመኪና ልግባ ቢሉም 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚያው ቀን የሚደረስበት አይደለም ብለው ይያዙት።

ጥያቄ፦ ከጅዳ ስመጣ ሻንጣዬ ቀርቶ ከአራት ቀን በኋላ መጣ። አንዱ ጎኑም ተቀዷል። ጊዜው አልፎብኛል? ከጅረን

መልስ፦ ቀኑን ቁጠሪ። ከላይ ባነሳሁት የሞንትሪያል ስምምነት ለተቀደደው ሻንጣውን በተቀበልሽ በ7 ቀን ውስጥ፣ ለመዘግየቱ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለብሽ። በቃል ብቻ የተነገረ አይቆጠርም። ሻንጣው ሳይመጣ ኤርፖርት ላይ የሞላሽው ቅጽ ካለ ቁጥሩን ጥቀሺ። በእነዚያ አራት ቀናት የገዛሽውን ልብስና የሚያስፈልግ ዕቃ ደረሰኝ አያይዢ። ለሻንጣ ጣሪያው 1,519 ኤስዲአር ነው። በጊዜው ካመለከትሽ በኋላ እንቢ ቢሉሽ ክስ ለመመሥረት ሁለት ዓመት አለሽ። ዛሬ ስድስተኛው ቀን ከሆነ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ኢሜይሉን ላኪ፤ የተቀደደውንም ጎን ከነሻንጣው ታግ ፎቶ አንሺው።