በጠራራ ፀሐይ ፍላሽ፦ ጥያቄና መልስ

ጥር ደረሰ፤ ሠርጉም ጥምቀቱም ውጭ ነው። በሰሜን ሸዋ ያላችሁ ፎቶ አንሺዎች ስለ ፍላሽ የሚያስቸግራችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡትን በየተራ እመልሳለሁ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ፀሐይ እያለ ፍላሽ ምን ይሠራል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስና ንጹሕ ስለሆነ ብርሃኑ ይከርራል፣ ጥላውም ይጠቁራል። ቀትር ላይ የሙሽራዋ ዓይኖች በጥላ ይዋጣሉ፤ ከአገጯ ሥርም ይጨልማል። ፊቷን ወደ ፀሐይ ብታዞራት ደግሞ ዓይኗን ታጨነቁራለች። ስለዚህ ጀርባዋን ለፀሐይ ስጥ። ፀሐይዋ ፀጉሯንና ትከሻዋን ታደምቃለች፣ ፊቷን አንተ በፍላሽ ታበራለህ። ለእኔ የፍላሽ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ ሰውን በፈለግህበት አቅጣጫ ማቆም ትችላለህ። በጥር ቀትር ላይ እንኳ ፀሐይዋ አናት ላይ አትቆምም፣ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ሙሽሮቹን ፊታቸውን ወደ ሰሜን አድርገህ አቁማቸው።

ከመሐል ሜዳ፦ ካሜራውን በምን ቁጥር ልጀምር?

ፍላሹን አጥፍተሽ ጀምሪ፣ እህቴ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሹተር (መጋረጃው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) 1/200 ሰከንድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) ኤፍ 11። በጠራ ሰማይ ይህ ከትክክለኛው ብዙ አይርቅም። ሰማዩና ተራራው ካማሩልሽ በኋላ ፍላሹን አብሪና ፊቱን ብቻ እያየሽ ኃይሉን ከፍ ዝቅ አድርጊ። ሹተሩ የሚቆጣጠረው የፀሐይዋን ብርሃን ነው፤ እስከ ሲንክ ፍጥነቱ (ሹተሩ ከፍላሽ ጋር አብሮ ሊሠራ የሚችልበት ከፍተኛ ፍጥነት) ድረስ ፍላሹን አይነካውም። አፐርቸሩ ግን ሁለቱንም ይነካል። ይህን የለየ ሰው ግማሹን መንገድ ጨርሷል።

ርቀቱንም አትርሺ። ጋይድ ነምበሩ (የፍላሹ ጉልበት መለኪያ) 40 የሆነ ፍላሽ በኤፍ 11 ሙሉ ኃይሉን ቢሰጥ የሚበቃው እስከ 3.6 ሜትር ነው። ርቀቱን እጥፍ ብታደርጊው የሚደርሰው ብርሃን አንድ አራተኛ ይሆናል። ፍላሹን ከካሜራው ላይ አውርደሽ በትሪገር (ከሩቅ በሚያስነሳው መሣሪያ) አስነሺውና ወደ ሰውየው አስጠጊው።

ከደብረ ሲና፦ ጀርባውን ለማደብዘዝ አፐርቸሩን ስከፍት፣ ብርሃኑ እንዳይበዛ ሹተሩን አፈጥናለሁ፤ ግን ግማሹ ፎቶ ጥቁር ይሆናል።

ከሲንክ ፍጥነት አልፈሃል። በአብዛኞቹ ካሜራዎች 1/200 ወይም 1/250 ነው። ከዚያ በላይ ሹተሩ ሴንሰሩን ሙሉ በሙሉ የሚከፍትበት ቅጽበት የለም፤ ፍላሹ ሲበራ የተሸፈነው ክፍል ይጠቁራል።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሃይ ስፒድ ሲንክ ነው፤ ፍላሹ ከሲንክ ፍጥነት በላይም እንዲሠራ የሚያደርግ። ኤፍ 11 እና 1/200 የነበረው ኤፍ 2.8 እና 1/3200 ይሆናል። ችግሩ ፍላሹ እየተቆራረጠ ስለሚበራ ብዙውን ጊዜ 2 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው) ወይም ከዚያ በላይ ኃይል ይጠፋል። ሁለተኛው ኤንዲ ፊልተር ነው፤ ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት። የ3 ስቶፕ ፊልተር ሌንሱ ላይ ካደረግህ በ1/200 እስከ ኤፍ 4 መክፈት ትችላለህ። ፍላሽህ ርካሽና ሃይ ስፒድ የሌለው ከሆነ እኔ ፊልተሩን እመርጥልሃለሁ።

ከመንዝ፦ አባቴን በበርኖስ፣ እናቴን በነጭ ነጠላ አብሬ ሳነሳ ፍላሹ አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል።

ቲቲኤል (ካሜራው ራሱ የፍላሹን ኃይል የሚወስንበት) ላይ ስለሆነ ነው። ነጠላው ብዙ ብርሃን ሲመልስለት ፍላሹ «በቃ» ይላል፣ ፊት ይጨልማል። ጥቁር በርኖስ ሲያይ ደግሞ ይጨምራል፣ ፊት ይነጣል። ማንዋል ላይ አድርገውና ኃይሉን ራስህ ወስን፤ ቦታቸውን እስካልቀየሩ ድረስ ብርሃኑ አይለዋወጥም። የነጠላው ጥለት እንዳይጠፋ ፍላሹን ትንሽ ወደ አባትህ አዙረው።

ከአንኮበር፦ ነፋሱ ሶፍትቦክሱን (የፍላሹን ብርሃን ማለስለሻ ሳጥን) ይጥልብኛል።

ስታንድ አትመን። አንድ ሚዜ ይያዝልህ። ወይም ሶፍትቦክሱን ተወው፤ ባዶ ፍላሽም ለዋናው ፀሐይ ማለዘቢያ ሲሆን ብዙ አይጎረብጥም።

ከሸዋ ሮቢት፦ ፍላሼ ግሎ ይቆማል።

ቆላ ነውና ይጠበቃል። በሙሉ ኃይል አትደርድረው። ወደ ግማሽ አውርድና ጠጋ በል፤ በመሃሉም ጥላ ውስጥ አሳርፈው።

ጣርማ በር ላይ ገደሉን ከጀርባ አድርጎ ለማንሳት የትኛው ሰዓት ይሻላል?

ጠዋት። ገደሉ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ፀሐይዋ ከሰዎቹ ጀርባ ትመጣለች። ከሰዓት በኋላ ግን ፊታቸው ላይ ታርፋለች። ያኔ ሸለቆው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ እነሱ ግን ያጨነቁራሉ። ከሰዓት ብቻ ከተመቻችሁ በአንድ ሰፊ ጨርቅ ጥላ ሥሩላቸውና ፍላሹን ከጎን አብሩ።

አመሻሽ ላይ ፊቱ ሰማያዊ የሚመስለው ለምንድን ነው?

ፍላሹ እንደ ቀትር ብርሃን ነጭ ነው፣ የ11 ሰዓቷ ፀሐይ ደግሞ ቢጫ ናት፤ ከእሷ አጠገብ የፍላሹ ብርሃን ሰማያዊ ይመስላል። ፍላሹ ላይ ስስ ብርቱካንማ ጄል (ብርሃን የሚያሳልፍ ባለ ቀለም ላስቲክ) ለጥፉበት። ግማሽ ሲቲኦ የሚባለው ይበቃል።